የልውውጥ ተማሪ በደቡብ አፍሪካ፦ ወያላ የሌለው ታክሲ፣ ባለ 20 አሃዙ ቆጣሪ እና የሐምሌ ካፖርት

[የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከመንገድ ዳር የቆመች ነጭ ሚኒባስ ትታያለች]

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ ተመልካቾች። ዛሬ የምንነጋገረው ለአንድ ሴሚስተር ወይም ለአንድ ዓመት በልውውጥ ፕሮግራም ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚሄድ ተማሪ የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው። ስለ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዝናና ስለ ጠረጴዛው ተራራ ውበት የሚነግሯችሁ ሌሎች ቻናሎች ሞልተዋል፤ የሚናገሩትም እውነት ነው። እኔ የማስረዳችሁ ጠዋት ከማደሪያችሁ ወጥታችሁ ክፍል እስክትገቡ፣ ማታም ተመልሳችሁ ሻይ እስክታፈሉ ድረስ ያለውን ነው። አቋሜንም ከወዲሁ ላሳውቃችሁ፤ በዩኒቨርሲቲው አውቶቡስና በስልክ በሚጠራ መኪና ብቻ ተመላልሶ፣ የሕዝቡን ታክሲ አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈር የተመለሰ የልውውጥ ተማሪ ያየው ግቢውን እንጂ አገሩን አይደለም። በዚህ የማይስማማ ተመልካች ካለ ከታች ይጻፍልኝ፤ እከራከረዋለሁ።

ስለዚህ ከታክሲው እንጀምራለን፤ ብዙም እንቆይበታለን፤ ምክንያቱም ይህን ርዕስ እወደዋለሁ።

እስቲ የአዲስ አበባን ሚኒባስ በዓይነ ኅሊናችሁ አምጡት። ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ! መገናኛ! መገናኛ!» ይላል፤ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ይላል፤ መኪናው መንገድ ከጀመረ በኋላ «ሒሳብ» ይላል፤ መልሳችሁን አንዳንዴ ወዲያው ይሰጣችኋል፣ አንዳንዴም «ዝርዝር የለም፣ ስትወርድ» ብሎ እጅ እጁን እያያችሁ እንድትጓዙ ያደርጋችኋል። ስትደርሱም «ወራጅ አለ!» ትላላችሁ፤ እሱ ተቀብሎ ለሾፌሩ ያስተላልፋል፤ በሩንም ይከፍታል። ጠሪውም፣ ገንዘብ ያዡም፣ በር ከፋቹም፣ ሲያስፈልግ ተሳዳቢውም እሱ ነው።

አሁን ያንን ወያላ ከመኪናው አውርዱት። ሾፌሩ ብቻውን ይቅር። ይህ የጆሀንስበርግ ታክሲ ነው።

[ምስል፦ ጠቋሚ ጣቱን ወደ ሰማይ የቀሰረ መንገደኛ]

ወያላው ከሌለ መድረሻውን ማን ይጣራል? ማንም አይጣራም። ጥሪው የሚመጣው ከመኪናው ሳይሆን ከመንገደኛው ነው፤ እሱም በአፍ ሳይሆን በእጅ ነው። መንገድ ዳር ቆማችሁ ጠቋሚ ጣታችሁን ወደ ላይ ከቀሰራችሁ «ወደ መሀል ከተማ ነኝ» ማለታችሁ ነው። ጣታችሁን ወደ መሬት ከጠቆማችሁ ደግሞ «እዚሁ አካባቢ ነኝ፣ ሩቅ አልሄድም» ማለት ነው። ከጆሀንስበርግ በስተደቡብ ኦሬንጅ ፋርም ወደሚባለው ሰፈር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ብርቱካን የያዛችሁ ይመስል እጃችሁን ታጎብጣላችሁ። ቀልድ የሚመስለው ሰው ሊኖር ይችላል፤ ግን የአገሩ ፖስታ ቤት ሳይቀር እነዚህን የእጅ ምልክቶች እ.ኤ.አ. በ2010 በቴምብር ላይ አትሟቸዋል። የእጃችሁን አቅጣጫ ሾፌሩ ከሩቅ አይቶ መንገዱ ከሆነ ይቆማል፤ ካልሆነ ጥሩምባውን ነፍቶ ያልፋል።

ወያላው ከሌለ ሒሳቡን ማን ይሰበስባል? ተሳፋሪው ራሱ። እዚህ ላይ በደንብ ተከተሉኝ፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ይህ ሥራ በእናንተ ላይ ይወድቃል። ታሪፉ 15 ራንድ ነው ብለን እናስብ። በመጨረሻው ወንበር የተቀመጡት አራት ሰዎች 100 ራንድ አሰባስበው የፊተኛውን ሰው ትከሻ ነካ ያደርጉና «አራት ሰው» ይላሉ፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ጋቢና ይደርሳል። ይህ ገና በመንገድ ላይ ሳለ ከመካከለኛው ረድፍ ሦስት ሰዎች 50 ራንድ ይልካሉ። ጋቢና የተቀመጠው ሰው ለአራቱ 40 ራንድ፣ ለሦስቱ 5 ራንድ መልስ ሳያቀያይር ወደ ኋላ ይመልስና የቀረውን አስተካክሎ ለሾፌሩ ያስረክባል። ሾፌሩ አንድ እጁ መሪ ላይ፣ አንድ ዓይኑ መንገድ ላይ ሆኖ ይቀበላል። መልስ የጎደለበት ሰው ቢጮኽ የሚጮኸው በሾፌሩ ላይ ሳይሆን ጋቢና በተቀመጠው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ጋቢና እንዴት ያለ የክብር ቦታ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ሰው ተሽቀዳድሞ ይገባበታል። ከኢትዮጵያ የመጣ ተማሪም በልማዱ ተሽቀዳድሞ ይገባና በደቂቃ ውስጥ ጉልበቱ ላይ የብር ኖትና ሳንቲም ተከምሮበት፣ በማያውቀው ቋንቋ ከኋላ እየተጠየቀ ላብ በላብ ይሆናል። የምሕንድስና ተማሪ ሆኖ 7 ሲባዛ በ15 ስንት እንደሆነ የጠፋበት ሰው አውቃለሁ። ስሙን አልናገርም፤ ይህን ቪዲዮ እንደሚያየው እርግጠኛ ነኝ። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፤ ለመጀመሪያው ሰሞን ከኋላ ተቀመጡ፤ ዝርዝር ያዙ፤ በጠዋት 200 ራንድ ይዛችሁ ታክሲ ውስጥ አትግቡ። ባንክ ካርዳችሁ በየሱቁ ይሠራል፤ ታክሲ ውስጥ ግን የሚሠራው ጥሬ ገንዘብ ብቻ ነው።

«ወራጅ አለ»ንስ ማን ያስተላልፋል? እሱንም ራሳችሁ በቀጥታ ለሾፌሩ ትናገራላችሁ። የትራፊክ መብራቱን እንዳለፈ መውረድ የፈለገ «አፍተር ሮቦት» ይላል፤ ከሚቀጥለው የግራ መታጠፊያ ላይ መውረድ የፈለገ «ሾርት ሌፍት» ይላል። ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ፤ የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ በለሆሳስ የሚናገር ሰው ሳይወድ ከተማውን ይጎበኛል።

ኬፕታውን ስትሄዱ ደግሞ ሌላ ነው፤ እዚያ ወያላ አለ! በዋናው መንገድ ላይ ከመሀል ከተማ በሞብሬይ፣ በሮንደቦሽና በክሌርሞንት አልፎ ዋይንበርግ የሚደርሰውን መስመር ብትይዙ፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ፣ የሚያፏጭና ሒሳብ የሚሰበስብ ልጅ ታገኛላችሁ። የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲም እዚያው ሮንደቦሽ ውስጥ ስለሆነ የልውውጥ ተማሪ ከዚህ መስመር አያመልጥም። እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ የአገሬን ድምፅ የሰማሁ ያህል ነበር ደስ ያለኝ፤ የቋንቋው ለየቅል መሆን ምንም አልመሰለኝም።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልለፍ። አንደኛ፣ ስትገቡ ሰላምታ ስጡ። ኬፕታውን ውስጥ በኢሲኾሳ «ሞልዌኒ»፣ ጆሀንስበርግ ውስጥ በዙሉ «ሳኒቦናኒ» ብላችሁ ብትገቡ መኪናው ሙሉ ይመልስላችኋል፤ መውረጃችሁን ከናንተ በፊት የሚጮኽላችሁ ሰውም አታጡም። ሁለተኛ፣ ከመሸ በኋላ በዚህ መንገድ አትሂዱ። ታክሲዎቹ በጊዜ ይቀንሳሉ፤ ጭር ባለ ጎዳና ላይ ስልክ አውጥቶ መቆምም በዚያ አገር አይመከርም። ለማታ ግቢያችሁ የሚያቀርበውን አውቶቡስ ተጠቀሙ፤ ታክሲ ተሳፈሩ ያልኩት በቀን ነው።

[ምስል፦ የጄፒ ጎዳና ሱቆች]

ጣታችሁን ወደ ላይ ቀስራችሁ ጆሀንስበርግ መሀል ከተማ ከወረዳችሁ ደግሞ ጄፒ ትደርሳላችሁ። መንገዱ ዛሬ በይፋ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው፤ የእኛ ሰው ግን ጄፒ እንዳለው ቀርቷል። እንጀራው፣ በርበሬው፣ ቡናው፣ በፎቅ ላይ ፎቅ የተደራረበው የአበሻ ሱቅ ሁሉ እዚያ ነው። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልናገር፤ የትምህርት ቪዛ በሴሚስተር ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት በትርፍ ጊዜ ተቀጥሮ ለመሥራት ይፈቅዳል እንጂ ሱቅ ለመክፈት አይፈቅድም። የዘመድ ምክር ሌላ፣ ሕጉ ሌላ ነው። የቪዛውን ጉዳይ በዝርዝር የያዘው ቪዲዮ በሚቀጥለው ሳምንት ይለቀቃል፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ የደወሏን ምልክት ተጫኑ።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፤ ቆጣሪውን ቶሎ ቶሎ እናገራለሁ። ከግቢ ውጭ ክፍል የምትከራዩ ከሆነ መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ክፍያ ነው። ሱፐርማርኬት ሒሳብ መክፈያው ላይ ወይም በስልካችሁ ትገዛላችሁ፤ 20 አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጣችኋል፤ ቁጥሩን ቆጣሪው ላይ ትጫኑታላችሁ፤ አለቀ። ቁጥሩ ለዚያ ቆጣሪ ብቻ የተመሰጠረ ስለሆነ ለጎረቤት አይሠራም፤ አንዴ ከገባም ድጋሚ አይሠራም፤ ቆጣሪውም ኢንተርኔት አያስፈልገውም። አንድ ቁጥር ድጋሚ መግባቱን ቆጣሪው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. ከ1993 መጀመሪያ አንሥቶ በደቂቃ በሚቆጥር መለያ ነው፤ ይህ ቆጠራ በኅዳር 2024 በ24ኛው ቀን ሞልቶ ወደ ዜሮ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ሁለት ልዩ ቁጥሮች ገብተውለት ያልታደሰ ቆጣሪ አዲስ የተገዛ ቁጥር አይቀበልም። ስለዚህ ክፍሉን ከመከራየታችሁ በፊት አከራዩን «ቆጣሪው ታድሷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በፊታችሁም ትንሽ ገንዘብ እንዲሞላ አድርጉ። በብዙ ከተሞች በወሩ ውስጥ ብዙ በገዛችሁ ቁጥር የአንዱ ዩኒት ዋጋ ስለሚወደድ፣ የሦስት ወሩን በአንድ ጊዜ ገዝቼ እገላገላለሁ አትበሉ።

የመብራት ፈረቃውስ? ደረጃ በደረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ደረጃ ወደ 1,000 ሜጋዋት ያህል ከመስመሩ ይቀንሳል። 2023 የከፋው ዓመት ነበር፤ ከመጋቢት 2024 መጨረሻ ወዲህ ግን ለአሥር ወራት ያህል ጨርሶ አልነበረም፤ በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ብቅ ብሎ አስታውሶናል። የሰፈራችሁን ተራ የሚነግር መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። አበቃሁ።

የሚቀጥለው ርዕስ የምግብ ወጪ ነበር፤ ግን ባለፈው ቪዲዮ ሥር በተደጋጋሚ የተጻፈልኝ አንድ አስተያየት አላስተኛ አለኝ። «ወንድሜ፣ አፍሪካ ውስጥ ሆነህ ካፖርት ያዙ የምትለው ለምንድን ነው? ወደ ደቡብ በወረዱ ቁጥር ሙቀት አይደለም እንዴ?» ይላል። አይደለም! ሙቀት የሚጨምረው ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ ቁጥር ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ከምድር ወገብ ተሻግራ እጅግ ወደ ደቡብ የራቀች አገር ናት፤ ወቅቶቿም ከአውሮፓ የተገለበጡ ናቸው። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ክረምቷ፣ ማለትም ብርዱ የሚበረታበት ወቅቷ ነው፤ የፈረንጅ ገና ደግሞ በበጋ ፀሐይ የሚከበር በዓል ነው። በመካከሏ ያለችው ሌሶቶ ደግሞ ሁለመናዋ ከባሕር ወለል ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ በክረምት በረዶ ይጥልባታል፤ ሰው በበረዶ ላይ ለመንሸራተት ይሄድባታል።

የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የኬፕታውን ዝናብ የሚጥለው በክረምቱ ነው፤ ማለትም አዲስ አበባ በሚዘንብባቸው በእነዚያው ወራት። ስለዚህ ለሁለተኛው ሴሚስተር በሐምሌ የሚሄድ ተማሪ ከዝናብ ተነሥቶ ዝናብ ላይ ያርፋል፤ እሱም ከውቅያኖስ በሚነሣ ነፋስ በአግድም የሚመታ ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ አይችለውም። በመስከረም ደግሞ፣ እኛ ዘንድ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን፣ ከኬፕታውን በስተሰሜን ያለው ደረቅ ምድር በዱር አበባ ይሸፈናል፤ እንቁጣጣሽን እዚያ የምታከብሩ ከሆነ ሂዱና እዩት። ጆሀንስበርግ በተቃራኒው ዝናቧ በበጋ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በመብረቅ ነው፤ ክረምቷ ደረቅ ነው፤ በ1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለችም ሌሊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። ቤቶቹ ማሞቂያ ያልተሠራላቸው ስለሆኑ ብርዱ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ይከፋል፤ ማታ ማታ የአልጋ ብርድ ልብስ ለብሶ ማጥናት ነውር አይደለም። ጋቢ ያዙ። አሁንስ ተግባባን?

በዚህ የተነሣ የምግቡ ጉዳይ ወደ ሌላ ቀን ተላልፏል፤ ጥፋቱ የአስተያየት ሰጪዎቹ ነው። ትምህርቱን ግን ሳላነሣ አልዘጋም።

የትምህርት ዓመቱ ከየካቲት እስከ ኅዳር ነው፤ ከእኛ ጋር አይገጥምም። ከትልቁ አዳራሽ ትምህርት ሌላ በአነስተኛ ቡድን የሚካሄድ ውይይት አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚመራው ከፍ ባለ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ነው። በዚህ ላይ መቅረትና የቤት ሥራ አለማስረከብ ነጥብ ከማስቀነስ አልፎ ለፈተና እንዳትቀመጡ ሊያደርጋችሁ ይችላል፤ ስለዚህ «ማትሪክ ላይ እንዳደረግሁት በመጨረሻው ሳምንት አጠናለሁ» የሚለው ስልት እዚያ አይሠራም።

ውጤቱ ደግሞ ሰው ያስለቅሳል። ማለፊያው 50 ነው፤ 75 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛው ማዕረግ ነው። እኛ 85 አምጥቶ «ለምን 90 አልሆነም?» የሚባል ተማሪ ነን፤ እዚያ ሄደን የመጀመሪያው ድርሰታችን ላይ በቀይ 68 ስናይ ዓለም የተደፋብን ይመስለናል። መምህሩ ግን ከጎኑ «ጥሩ ሥራ» ብሎ ጽፏል፤ ከልቡ ነው የጻፈው። ችግሩ ያ 68 ወደ አገር ቤት ሲመለስ በቀጥታ በእኛ መለኪያ ከተነበበ ነው፤ ነጥባችሁን ይጎትተዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ሻንጣችሁን ከማዘጋጀታችሁም በፊት፣ ወደ ትምህርት ክፍላችሁና ወደ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካና ውጤቱ በምን ስሌት እንደሚለወጥ በጽሑፍ፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ተቀበሉ። ኮፒውን እናት ቤት አስቀምጡ፤ ዋናውን ይዛችሁ ሂዱ።