ጠመንጃው የቀረው ኪልዴር ላይ ነው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አየርላንድ ፖሊስ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የአየርላንድ ፖሊስ ለምን ያለ ጠመንጃ እንደሚዞር ሲጠየቅ፣ «ሕዝቡን ስለሚያምን ነው» ይባላል። እኔ ግን መልሱ ያለው ኪልዴር ከተማ፣ አንድ የጦር ሰፈር ውስጥ ነው ባይ ነኝ።

በ1922 መጀመሪያ እንግሊዞች ሲወጡ ጠመንጃ ታጥቆ የኖረው የድሮው ፖሊስ ሊበተን ሆነ፤ በፌብሩዋሪ አዲስ ኃይል መመልመል ተጀመረ። ምልምሎቹ በአብዛኛው ያንኑ ፖሊስ ሲወጉ የከረሙ ታጋዮች ናቸው። ሕግ የሚያስተምርና ጣቢያ ማስተዳደር የሚችል ሰው ግን የሚገኘው ከድሮው ፖሊስ ነበር፤ ከፍተኛ ማዕረጎችም ለእነሱ ተሰጡ። አንዳንዶቹ በነፃነቱ ጦርነት ጊዜ የታጋዮቹን መሪ ማይክል ኮሊንስን በምስጢር የረዱ ናቸው። ምልምሉ ይህን ከየት ይወቀው? የትናንት ጠላቱ አዛዡ ሆኖ መጣበት።

ሜይ 15 ምልምሎቹ በሚሠለጥኑበት በኪልዴሩ ሰፈር አመፅ ተነሣ። ምልምሎቹ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ያዙ፤ ፖለቲከኛ የነበረው ኮሚሽነር ማይክል ስቴንስ ሰፈሩን ለቅቆ ወጣ። በጁን የባሰው መጣ፦ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመውን ስምምነት የሚቃወሙ ታጣቂዎች ከአመፀኞቹ ጋር ተመሳጥረው የሰፈሩን መሣሪያ ጫኑና ደብሊን ወዳለው ምሽጋቸው፣ ወደ ፎር ኮርትስ ወሰዱት። መንግሥት ያንን ሕንፃ በመድፍ መደብደብ የጀመረው ጁን 28 ነው። አስቡት፤ ለፖሊስ የታደለ ጠመንጃ መልሶ መንግሥት ላይ ሊዞር ነው።

አመፁን ያጣራው ኮሚሽን ኃይሉ ተበትኖ እየተመረጠ እንደገና ይቀጠር፣ መሣሪያ አይያዝ፣ ፖለቲከኛም አይምራው አለ። በሴፕቴምበር ኦወን ኦዳፊ ኮሚሽነር ሆነ፤ በስምምነቱ ደጋፊዎችና ተቃዋሚዎች መካከል የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት እየነደደ ፖሊሶቹ ባዶ እጃቸውን ገጠር ገቡ። ኖቬምበር 14 ሄንሪ ፌላን የተባለ ፖሊስ ሙሊናሆን በምትባል መንደር፣ አንድ ሱቅ ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ፤ ከኃይሉ የመጀመሪያው ሟች ነው። ጣቢያዎችም ተቃጠሉ። ያም ሆኖ ጠመንጃው አልተመለሰም። ለእኔ ትልቁ ውሳኔ ይሄ ነው፦ የድሮው ፖሊስ ጣቢያ ለጠመንጃው ሲባል ይወረር ነበር፤ አዲሱ ጣቢያ ግን የሚዘረፍ ጠመንጃ የለውም።

በ1923 «ጋርዳ ሺኻና»፣ የሰላም ጠባቂዎች፣ ተባሉ። በ1925 የደብሊን ከተማ ፖሊስ ተቀላቀላቸው። መርማሪዎቹ መሣሪያ ይይዙ ነበር።

«ፖለቲከኛ አይምራው» የተባለው ግን ብዙም አልጸና። በ1933 የመንግሥቱ መሪ ዴ ቫሌራ ኦዳፊን ሻረው፤ ኦዳፊም በዚያው ዓመት መንግሥቱን የሚቃወመው የሰማያዊ ሸሚዝ ለባሾች ንቅናቄ መሪ ሆነ። በኦዳፊ ቦታ የተተካው ኤመን ብሮይ ደግሞ የመንግሥቱን ደጋፊዎች፣ የቀድሞ ታጋዮችን፣ ቀጥሮ የታጠቀ ልዩ ክፍል አደራጀ። ደንብ ልብስ ለባሹ ግን ያኔም ዱላውን ብቻ ይዞ ነበር የሚዞረው።