የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዘይቱን በገዛ እጄ ቀየርኩት

ዛሬ ስልኩ የተጨናነቀው መኪናቸውን ቤታቸው ሆነው ራሳቸው ሰርቪስ በሚያደርጉ ሰዎች ነው፣ እኔም እድሜዬን ጋራዥ ውስጥ ስላሳለፍኩ እንዲህ አይነት ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል። በቀጥታ ልግባ።

ጥያቄ፦ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የመኪናዬን ዘይትና ፊልትሮ ራሴ ቀየርኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ፣ ባለቤቴ ጋራዥ ብትወስጂው በ30 ደቂቃ ያልቅ ነበር አለኝ፣ እኔ ግን ማታ እንቅልፍ እስኪነሳኝ ነው ደስ ያለኝ። እንዳይፈስ ፈርቼ ማፍሰሻ ቡሎኑን ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅኩት፣ ችግር አለው?

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ ያለሽ፣ ከልቤ ነው። ግማሽ ቀኑ አያሳስብሽ፣ መካኒኩ እኮ በ30 ደቂቃ የሚጨርሰው ስንትና ስንት መኪና ስለፈታ ነው፣ አንቺ ያለሽ አንድ መኪና ነው እሱንም ከስር ገብተሽ አይተሽዋል። ደስታው ከዚህ ይመስለኛል የሚመጣው፣ የትኛው ዘይት እንደገባ፣ ፊልትሮው በትክክል መቀየሩን፣ የቱ ጋ ላብ ላብ እንደሚለው በሰው ወሬ ሳይሆን በእጅሽ ነው የምታውቂው።

ቡሎኑ ላይ ግን ልቆጣሽ ነው። የብዙ መኪና የዘይት ኮፓ (ዘይቱ የሚጠራቀምበት ከስር ያለው እቃ) አሉሚኒየም ነው ቡሎኑ ደግሞ ብረት፣ ጉልበት ሲበዛ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው፣ ጥርሱ ይበላና ከዛ በኋላ ነገሩ ከባድ ነው። ብዙ የቤት መኪኖች ላይ የማጥበቂያው ልክ ከ25 እስከ 40 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ጉልበት መለኪያ) አካባቢ ነው፣ የአንቺን ትክክለኛ ቁጥር ማኑዋሉ ላይ ታገኚዋለሽ፣ የምትችይ ከሆነ ይሄን ጉልበት የሚለካ ቶርክ ቁልፍ ግዢ። አሁን ዝም ብለሽ አትነካኪው፣ ካልፈሰሰ ይቆይ፣ በሚቀጥለው ስትፈቺ ጥርሱን በደንብ አይተሽ አዲስ ሮንዴላ (ቡሎኑ ስር የሚገባው ቀለበት) አድርጊበት። እንዳይፈስ የሚያደርገው ሮንዴላው ነው እንጂ ጉልበት አይደለም።

ፊልትሮው ደግሞ በእጅ ነው የሚታሰረው፣ አፉ ላይ ያለውን ክብ የማሸጊያ ጎማ አዲስ ዘይት ቀብተሽ፣ ቦታው ላይ ሲነካ ካወቅሽ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል፣ ራሱ ፊልትሮው ላይም ይጻፋል። ጀማሪ እያለሁ አንዴ የድሮው ፊልትሮ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ ሳላየው አዲሱን ደርቤ አሰርኩት፣ ሞተሩ እንደተነሳ ዘይቱ በግፊት ወጣ፣ ደቂቃ ሳይሞላ መሬቱ ጠቆረ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቦታውን በጣቴ ዞሬ ሳልዳስስ ፊልትሮ አስሬ አላውቅም። አንቺም ዛሬ ሞተሩን አንድ ደቂቃ አስነሺና አጥፊው፣ ሜዳ ቦታ ላይ ትንሽ ጠብቀሽ ዘይቱን ለኪ፣ ከዛ ጎንበስ ብለሽ ከስር እዪ። የወጣውን ዘይት በጄሪካን አድርገሽ አሮጌ ዘይት የሚሰበስቡ ጋ አድርሺው፣ አፈር ላይም ቱቦ ውስጥም እንዳትደፊው።

ጥያቄ፦ የፊት ፍሬን ሸራ ራሴ መቀየር አስቤያለሁ፣ ያለኝ ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ብቻ ነው። ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃህም ወንድሜ። ክሪክ ለማንሳት ነው የተሰራው፣ ሊንሸራተት ይችላል፣ ዘይት የሚጨምቀው አይነት ከሆነ ደግሞ ቀስ እያለ ሊወርድም ይችላል፣ ስለዚህ በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር እጅህም አይግባ። ጠንካራና ሜዳ መሬት ፈልግ፣ የኋላ ጎማዎቹ ላይ እንዳይንከባለሉ ታኮ አድርግ፣ ዳዶዎቹን (የጎማ ማሰሪያዎቹን) ጎማው መሬት እንደነካ ላላ አድርጋቸው፣ አንሳና የብረት ማቆሚያ ስር አስገብተህ መኪናውን እሱ ላይ አሳርፈው፣ ከዛ በእጅህ ገፋ ገፋ አድርገህ ሞክረው። ድንጋይ ወይ ብሎኬት ደርድሬ እሰራለሁ የሚል ሰው ካለ እባካችሁ ተዉ፣ ብሎኬት ሳታስቡት ነው የሚሰነጠቀው።

ሸራውን በተመለከተ የመጀመሪያውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ስራ፣ እሱ ቆሞ ይይህ አንተ ፍታ። ሁሉንም ጎን በአንዴ አትፍታ፣ አንዱን ስትሰራ ሌላኛው ሳይፈታ ይቆይና ግራ ሲገባህ ሄደህ እሱን ታያለህ። የፍሬኑን አቧራ በአፍህ እፍ እንዳትል፣ ሳንባ ይጎዳል። ስትጨርስ መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ፣ መጀመሪያ እስከታች ይወርዳል ከዛ ይጠነክራል፣ ይሄን ረስቶ ማርሽ ያስገባ ሰው ያለ ፍሬን ነው የሚሄደው። ዳዶዎቹን በመስቀልኛ አጥብቃቸውና ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳህ በኋላ እንደገና ፈትሻቸው። ኤርባግና የሃይብሪድ መኪና ከባድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብርቱካናማ ኬብል ግን ቤት ውስጥ አይነካም፣ እሱ ላይ አልደራደርም።

ጥያቄ፦ ራዲያተሩን ውሃ ብቻ ብሞላው ምን ይሆናል?

መልስ፦ መንገድ ላይ ከቸገረህ ሙላና ቤትህ ግባ። በቋሚነት ግን ውሃ ብቻ ዝገት ያመጣል፣ ብርድ ቦታ ደግሞ በረዶ ሆኖ ሞተር ይሰነጥቃል፣ ኩላንት (ለራዲያተር የተሰራው ፈሳሽ) ግን የመፍላት ነጥቡንም ከፍ ያደርገዋል። ክዳኑን በጋለ ሞተር አትክፈት።

ጥያቄ፦ 40 አመት ያህል መኪናዬን ራሴ ስሰራ ኖሬያለሁ። አሁን ጉልበቴ አላዘዝ ብሎኝ ከስር መግባት አልቻልኩም፣ ልጄ ተረክቦኛል። ለኔ የቀረ ስራ አለ?

መልስ፦ አባቴ፣ ኮፈኑ ሲከፈት ያለው ሁሉ የእርስዎ ነው። የአየር ፊልትሮ፣ የባትሪ ካፖ (ገመዱ የሚታሰርበት ጫፍ) ማጽዳት (ኔጌቲቩ መጀመሪያ ይፈታል መጨረሻ ይታሰራል፣ እርስዎ ያውቁታል ለሌላው አድማጭ ብዬ ነው)፣ የጎማ ንፋስ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ መለካት። የቤንዚን መኪና ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ አለልዎት፣ እኔ ከሁሉም የምወደው ስራ ይሄ ነው። ሞተሩ በደንብ ሲቀዘቅዝ ያውጧቸው፣ ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በደህና እያቃጠለ ነው፣ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል ወይ አየር አንሶታል፣ በዘይት ከራሰ የሞተር ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እየገባ ነው። ሲመልሷቸው የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በእጅዎ ብቻ፣ ቁልፉ በኋላ ነው የሚመጣው። ከዛ በፊት ግን እንዳወጧቸው በሲሊንደር ተራቸው ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸውና ልጅዎን ከስር ጠርተው ያስነብቡት።