ከ«የ1812 ጦርነት» በስተጀርባ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የዜግነት ፈተና ትምህርታችን የመጨረሻ ምሽት ነው። ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ለቃለ መጠይቅ ትቀርባላችሁ። ስለ ፈተናው በቂ ተነጋግረናል። ዛሬ ስለ ሁለት አጫጭር መልሶች ላውራችሁ።

እኔ ስፈተን መኮንኗ «በ1800ዎቹ አሜሪካ ካደረገቻቸው ጦርነቶች አንዱን ንገረኝ» አለችኝ። «የ1812 ጦርነት» አልኩ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱን እንድጠራ ጠየቀችኝ። «ቼሮኪ» አልኩ። ሁለቱንም ሸምድጄ ነበር። ሁለቱ መልሶች የአንድ ታሪክ ጫፎች መሆናቸውን ግን ያወቅሁት ዜግነት ካገኘሁ ከዓመታት በኋላ ነው። ያን ቀን አለማወቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ጦርነቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1812 ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሜሪካን መርከቦች እያስቆመ መርከበኞችን በግድ ለራሱ አገልግሎት ይወስድ ነበር። ከናፖሊዮን ጋር እየተዋጋ ስለነበር ንግዱንም ዘግቶባቸዋል። ይህ እውነተኛ በደል ነው። ግን ድምፅ አሰጣጡን ተመልከቱ። በተወካዮች ምክር ቤት 79 ለ49፣ በሴኔት 19 ለ13። መርከቦቹ የነበሯቸው የሰሜን ምሥራቅ ነጋዴዎች ጦርነቱን አጥብቀው ተቃወሙ። ጦርነት ካልሆነ ብለው የወተወቱት እንደ ኬንታኪው ሄንሪ ክሌይ ያሉ የምዕራብና የደቡብ ወጣት ፖለቲከኞች ናቸው። ኬንታኪ ባሕር የላትም። እነዚህ ሰዎች ዓይናቸው ካናዳ ላይና በስተምዕራብ ባለው መሬት ላይ ነበር።

በዚያ መሬት ላይ ደግሞ ሰው አለ። ከእነሱ መካከል ሾኒ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የሆነ ቴኩምሴ የሚባል ሰው ነበር። በ1809 ዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን የተባለው ገዥ ከጥቂት አለቆች ጋር ተፈራርሞ ወደ 3 ሚሊዮን ኤከር መሬት ወሰደ። ቴኩምሴ በዓመቱ ሃሪሰን ፊት ቆሞ ተከራከረ። መሬቱ የሁሉም ሕዝቦች የጋራ ነው፣ አንድ አለቃ ተነስቶ ሊሸጠው አይችልም አለ። እዚህ ያላችሁ አባቶች ይህን ክርክር ከእኔ በላይ ይገባችኋል። ርስት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ርስት የዘር ነው፣ አንዱ ወንድም ለባዕድ ሸጦት አይሄድም። ቴኩምሴ ከሰሜን ሐይቆች እስከ ደቡብ ድረስ እየዞረ ነባር ሕዝቦችን አንድ ለማድረግ ደከመ። ጦርነቱ ሲነሳ ከእንግሊዝ ጎን ተሰለፈ። ኦክቶበር 5 ቀን 1813 ካናዳ ውስጥ፣ ቴምስ ወንዝ አጠገብ ተገደለ። እንግሊዞቹ ቀድመው ሲሸሹ እሱና ሰዎቹ ቆመው ይዋጉ ነበር።

አሁን ወደ ሰፈራችን፣ ወደ ዋሽንግተን አካባቢ፣ ልመለስ። ብላደንስበርግ ሮድን የማያውቅ በዚህ አዳራሽ የለም። ግማሾቻችሁ ዛሬም በዚያ ነው የመጣችሁት። ኦገስት 24 ቀን 1814 የእንግሊዝ ጦር የአሜሪካንን መከላከያ በጥቂት ሰዓት የበተነው እዚያ ነው። ማምሻውን ዋሽንግተን ገብተው ምክር ቤቱንና ዋይት ሃውስን አቃጠሉ። በዚያ ጦርነት ላይ በሁለቱም ወገን ጥቁር ሰዎች ነበሩ። ቻርልስ ቦል የሚባል ከባርነት ያመለጠ ሰው በአሜሪካ በኩል፣ ባርኒ ከሚባለው የባሕር ኃይል አዛዥ መርከበኞች ጋር መድፍ ይተኩስ ነበር። ወዲያ ማዶ ደግሞ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እርሻዎች አምልጠው የእንግሊዝን መለዮ የለበሱ ነበሩ። ወደ እንግሊዝ መርከቦች የመጣ ነጻ ነው ተብሎ ስለታወጀ በጦርነቱ ዘመን ወደ 4,000 ሰው አመለጠ። አንዳንዱ ኖቫ ስኮሻ፣ አንዳንዱ ትሪኒዳድ ሰፈረ። እነዚህን ሰዎች ባሰብኩ ቁጥር አከብራቸዋለሁ። ልጅ ታቅፎ፣ ሌሊት፣ በትንሽ ጀልባ፣ ወደማያውቁት ባንዲራ መቅዘፍ ቀላል ነገር አይደለም። ከእኛ መካከልም ሌሊት ድንበር ያቋረጠ አለ። ይህን ታውቁታላችሁ።

የመዲናዋ መቃጠል በመጻሕፍት ሁሉ አለ። ሕንፃዎቹ ግን እንደገና ተሠሩ። እኔን የማያስተኛኝ በዚያው ዓመት ማርች 27፣ ዛሬ አላባማ በምንለው ምድር የሆነው ነው።

ታላፑሳ የሚባል ወንዝ አለ። አንድ ቦታ ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ይጠማዘዛል፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው፣ ሆርስሹ ቤንድ። ክሪክ የሚባለው ሕዝብ በዚያ ጊዜ እርስ በርሱ ተከፋፍሎ ነበር። ከነጮቹ ጋር አንስማማም ያሉት፣ ቀይ በትሮች የሚባሉት፣ በዚያ እጥፋት ውስጥ መሽገዋል። ጀኔራል አንድሩ ጃክሰን ከፊት በመድፍ ቢደበድባቸውም ምሽጋቸው አልበገር አለ። ከጃክሰን ጋር ግን ወደ 500 የሚሆኑ ቼሮኪዎች ነበሩ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ወንዙን ዋኝተው ተሻገሩና የክሪኮቹን ታንኳዎች ይዘው ተመለሱ። በነዚያ ታንኳዎች ሌሎች ተሻግረው ከኋላ ገቡ። ምሽጉ ተሰበረ። ከ800 በላይ ቀይ በትሮች በአንድ ቀን አለቁ። ጃክሰን በዚህ ድል ስሙ ገነነ።

ኦገስት 9 ቀን ጃክሰን የክሪክ አለቆችን ሰብስቦ ውል አስፈረማቸው። ወደ 23 ሚሊዮን ኤከር መሬት ወሰደ። በእኛ መለኪያ ከ9 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ለመፈረም ከቀረቡት አለቆች አብዛኞቹ ከእሱ ጎን ሆነው የተዋጉ ነበሩ! ጠላቶቹ ወይ ሞተዋል ወይ ወደ ፍሎሪዳ ሸሽተዋል። የወዳጆቹን መሬትም አብሮ ወሰደው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ምድር የጥጥ እርሻ ሆነ። ጥጡን የሚለቅሙት ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ እየተሸጡ የተወሰዱ ባሮች ናቸው።

ዲሴምበር 24 ቀን 1814 ዛሬ ቤልጂየም በምንላት አገር ውስጥ፣ ጌንት ከተማ፣ ሰላም ተፈረመ። ሁለቱ መንግሥታት ድንበራችን እንደነበረ ይሁን ተባባሉ። ከሁለቱ አንዳቸውም አንድ ስንዝር አላጡም። መርከበኞችን በግድ ስለመውሰድ፣ ማለትም ስለ ዋናው ምክንያት፣ ውሉ አንድ ቃል አይናገርም። እንግሊዝ በድርድሩ መጀመሪያ ለነባር ሕዝቦች የራሳቸው አገር ይከለልላቸው ብላ ነበር። ድርድሩ ሲከብዳት ተወችው። በምትኩ ዘጠነኛው አንቀጽ ገባ። በ1811 የነበራቸው ይመለስላቸው ይላል። ለክሪኮች አልተመለሰላቸውም። ስለዚህ ጦርነቱ አሸናፊም ተሸናፊም አልነበረውም የሚል ስታነቡ እባካችሁ አትቀበሉ። ተሸናፊዎቹ ጌንት አልተጠሩም እንጂ ነበሩ።

ቼሮኪዎቹስ? «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» እንላለን አይደል? ጃክሰን በ1828 ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በ1830 ነባር ሕዝቦችን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚያስለቅቅ ሕግ ፈረመ። በተወካዮች ምክር ቤት ያለፈው በ102 ለ97 ነው። በአምስት ድምፅ ብቻ! ዴቪ ክሮኬት በክሪኮች ጦርነት በጃክሰን ሥር የተዋጋ የቴነሲ ተወካይ ነው፤ ሕጉን ተቃወመ። ቼሮኪዎች ጠበቃ ይዘው ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዱ። በ1832 ፍርድ ቤቱ የጆርጂያ ሕግ በቼሮኪ ምድር ላይ አይሠራም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ከመፈናቀል አላዳናቸውም። በ1835 ጥቂት ሰዎች ሕዝቡ ሳይወክላቸው መሬቱን የሚሰጥ ውል ፈረሙ። ከ15,000 በላይ ስም ያለበት አቤቱታ ዋሽንግተን ቀረበ። ሴኔቱ ግን ውሉን አጸደቀው፤ አንድ ድምፅ ቢጎድል ኖሮ ይወድቅ ነበር። በ1838 ወታደር መጥቶ ከየቤታቸው አወጣቸው። ከ16,000 ገደማ ሰዎች ወደ 4,000 የሚጠጉት እንደሞቱ ይገመታል።

አቤቱታውን የመሩት የቼሮኪ አለቃ ጆን ሮስ በሆርስሹ ቤንድ ከጃክሰን ጎን ተዋግተው ነበር። በመጨረሻ ሕዝባቸውን ወደ ምዕራብ ይዘው የሄዱትም እሳቸው ናቸው። ባለቤታቸው ኳቲ በመንገድ ላይ፣ አርካንሳ ውስጥ ሞተው ተቀበሩ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ከዚህ አገር እንድትሸሹ አይደለም። ልጆቼ የተወለዱት እዚህ ነው፤ አገሩን እወደዋለሁ። ግን ዜጋ ስንሆን የአገሩ ውል የእኛም ውል ይሆናል።

ቃለ መጠይቁ ላይ መልሱን አታስረዝሙ። «የ1812 ጦርነት» በሉ፣ «ቼሮኪ» በሉ፣ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ግን መምጣት የምትችሉ ብላደንስበርግ፣ ወንዙ ዳር እንገናኝ። ከዚያ አብረን ከተማ ወዳለው የነባር ሕዝቦች ሙዚየም እንሄዳለን። መግቢያው ነጻ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።