የጋራ መስኮች የት ይቀመጡ?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሳው በሲ ቋንቋ ስትራክት (መስክ የሚባሉ የመረጃ ክፍሎችን አንድ ላይ የሚይዝ መዋቅር) ስንጽፍ፣ ብዙ ስትራክቶች የሚጋሯቸው መስኮች የት መቀመጥ አለባቸው የሚለውን ጉዳይ ነው፤ ማሳያዬም የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ሶርስ ኮድ ነው።

ሲ ውርስ የሚባል ነገር፣ ማለትም አንዱ ዓይነት የሌላውን መስኮች የሚወርስበትን መንገድ፣ አያውቅም። ሆኖም የስትራክቱ አድራሻና የመጀመሪያ አባሉ አድራሻ አንድ እንደሚሆኑ ዋስትና ይሰጣል፤ የፖስትግሬስ የዕቅድ ዛፍም (አንድ ጥያቄ በምን በምን ደረጃ እንደሚፈጸም የሚያሳየው መዋቅር) የቆመው በዚህች ዋስትና ላይ ነው። ኖድ የተባለው መነሻ ስትራክት ያለው ዓይነቱን የሚናገር አንድ መለያ ብቻ ነው። ፕላን ያንኑ መለያ ከፊት አስቀድሞ የወጪ ግምትን፣ የሚጠበቁ ረድፎችን ብዛትና የግራና የቀኝ ንዑስ ዕቅዶችን ያክልበታል፤ ሠንጠረዥ የሚያነቡ ዕቅዶች የሚጋሩት ስካን ደግሞ ፕላንን እንዳለ በመጀመሪያ አባልነት ይይዛል።

ይህ አሠራር ዋጋ ያስከፍላል። ከኢንዴክስ ስካን (በኢንዴክስ በኩል የሚያነብ ዕቅድ) ተነስቶ ታርጌት ሊስት (ዕቅዱ የሚያወጣቸው ዓምዶች ዝርዝር) ላይ ለመድረስ በስካን፣ ከዚያም በፕላን በኩል ነጥብ በነጥብ ማለፍ ግድ ነው። የጋራ መስኮቹን በማክሮ (ከኮምፓይል በፊት በሌላ ጽሑፍ በሚተካ ስም) በየስትራክቱ መለጠፍ ጽሑፉን ያሳጥራል፤ እኔ ግን ነጥቦቹን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ኮዱን የሚያነብ ሰው የትኛው መስክ ከየት እንደመጣ በዓይኑ ያያል። (ጣት ይደክማል የሚለው ቅሬታ ኤዲተሮች ራሳቸው መስክ በሚያሟሉበት ዘመን ብዙም አያሳምነኝም።)

ይበልጥ የሚያስገርመኝ ሠንጠረዡን ከዳር እስከ ዳር የሚያነበው የሴኩዌንሻል ስካን ነገር ነው። የራሱ መስክ ስላልነበረው ለዓመታት በታይፕደፍ የተሰጠ የስካን ሌላ ስም ብቻ ሆኖ ኖረ፤ በመሆኑም አንዱ በሌላው ቦታ ቢገባ ኮምፓይለሩ ቅር አይለውም ነበር። በ2022 በወጣው 15ኛው ቅጂ ግን ስካንን ብቻ የያዘ የራሱ ስትራክት ተሰጠው። በሜሞሪ ላይ አንድ ባይት እንኳ አልጨመረም፤ ዓይነቱ ግን ተለየ።

አደጋው ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። አንድ ሰው ከጋራው ክፍል በፊት ሌላ መስክ ቢያስገባ ካስት የተደረገው ኮድ (አንዱን ዓይነት እንደ ሌላ ዓይነት እንዲቆጠር ያዘዘው) ያለ ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ መለያው ሲነበብ ግን የሚገኘው የሌላ መስክ ይዘት ነው። ካስት ሲደረግ ዓይነቱን የሚፈትሸው የፖስትግሬስ መሣሪያ ካስትኖድም ይህን ፍተሻ የሚያደርገው አሰርት (ፕሮግራሙ ሲሮጥ ስህተትን የሚይዝ ማረጋገጫ) በበራበት ግንባታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮድ ስጽፍ አሰርትን አብርቼ ሳልሞክረው አላልፍም።