እጅ የት ይጠንክር፣ የት ይለስልስ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። የዛሬው ወሬያችን የዴስክቶፕ ኮምፒውተር እቃ መቀየር ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው አዲሱን ስለመግጠም ነው፤ እኔ ግን አሮጌውን ማውጣት ይበልጥ ያሳስበኛል። እያንዳንዱ እቃ የሚፈልገው ጉልበት ይለያያል፣ እጃችን ግን ሁሉንም በአንድ ዓይነት ይይዛል።

መጀመሪያ አጥፉት፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ ማብሪያውን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ሁሉም እቃ የሚሰካበት ዋናው ቦርድ፣ ማዘርቦርዱ ላይ የቀረው ኤሌክትሪክ ይወጣል። የኬዙን ቀለም የሌለበት ብረት ደጋግማችሁ ንኩ፤ ሰውነታችሁ ላይ ያለው ስታቲክ (የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ) ቺፕ ሊገድል ይችላል። ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ፤ ተነቅሎም ውስጡ አደገኛ ቮልቴጅ ይይዛል።

ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ጉልበት ይፈልጋል። ሰው ይሰበራል ብሎ ይፈራና ግማሽ መንገድ ላይ ይተወዋል፤ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። በሁለቱም ጫፍ በአውራ ጣት ቀጭ እስኪል ተጫኑት። ከዚያ በፊት ግን ከታች ያለችውን ቁርጥ ከስሎቱ (ከሚሰካበት ቦታ) ጋር አስተያዩ። የራም ዓይነቶች የሆኑት ዲዲአር 4ም ዲዲአር 5ም 288 ፒን (የመገናኛ ነጥብ) አላቸው፣ ቁርጧ ግን ቦታዋ ይለያያል። አልገጥም ካለ የእናንተ ቦርድ ራም አይደለም። ሁለት ራም ካላችሁ፣ በአብዛኛው ቦርድ ላይ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ (ሥራውን ከሚሠራው ዋና ቺፕ) ሲቆጠር 2ኛውና 4ኛው ስሎት ነው። አዲስ ዲዲአር 5 ስትገጥሙ ደግሞ መጀመሪያ ሲበራ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፤ ቦርዱ ራሙን እየተለማመደ ነውና ተበላሸ ብላችሁ አታጥፉት።

ፕሮሰሰር ተቃራኒው ነው፤ ምንም ጉልበት አይፈልግም። አደጋው የሚጀምረው ከላዩ ያለው ማቀዝቀዣ ሲነሳ ነው። ሙቀት እንዲያስተላልፍ በሁለቱ መሃል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ሲደርቅ እንደ ሙጫ ይይዛል። ኤኤምዲ የተባለው አምራች ኤኤም 4 ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ፕሮሰሰሩን የሚይዘው ፒኖቹን፣ ማለትም ቀጫጭን እግሮቹን፣ ብቻ ነክሶ ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የጎተተ ሰው፣ ሶኬቱ ተቆልፎ እያለ ፕሮሰሰሩን አብሮ ነቅሎ ያወጣዋል፤ ከ1331ዱ ፒኖች ጥቂቶቹ ይጎብጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከማጥፋታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን ትንሽ ሥራ አሠሩት፣ ፔስቱ ይሞቅና ይለሰልሳል። ብሎኖቹን በሰያፍ፣ ሁሉንም በጥቂት በጥቂቱ ፍቱ። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያዞራችሁ፣ ሲላቀቅ ብቻ አንሱት። በሌላው አምራች በኢንቴልና በኤኤምዲ አዲሱ ሶኬት በኤኤም 5 ፒኖቹ ያሉት ሶኬቱ ላይ ነው፤ እዚያ የሚያስፈራው ፕሮሰሰሩን ወይም ካቻቪቴ መጣል ነው።

አሮጌውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። አዲሱ የአተር ፍሬ ያህል መሃል ላይ ይበቃል። በአዲስ ማቀዝቀዣ ሥር የተለጠፈች ቀጭን ፕላስቲክ ካለች ላጧት፤ እሷ ከቀረች ፕሮሰሰሩ ወዲያው ይግላል።

ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው ግራፊክስ ካርድ ሲወጣ ብሎኖቹን ፈትቶ መጎተት አይበቃም። በስሎቱ ጫፍ፣ ካርዱ የሚሸፍናት ክሊፕ አለች። በእጅ ካልተደረሰባት በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ዘንግ ተጫኗት፤ ካቻቪቴ ካመለጣችሁ ቦርዱ ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች ይቆርጣል።

ፓወር ሰፕላይ ከቀየራችሁ፣ ተነቃይ ኬብሎቹንም አብራችሁ ቀይሩ። የኬብሉ አንዱ ጫፍ በማዘርቦርዱና በካርዱ በኩል ደረጃው አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እንደ አምራቹ፣ አንዳንዴም እንደ ሞዴሉ ይለያያል። ልክክ ብሎ ይገባል፣ 5 ቮልት በሚጠበቅበት መስመር ግን 12 ቮልት ይልክና ሃርድ ዲስኩን ያቃጥላል። የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያዎችም እንዲሁ ይመሳሰላሉ። የቀዳዳዎቻቸው ቅርጽ ግን ይለያያል፣ የ12 ቮልቱና የግራውንዱ (የመመለሻው መስመር) ቦታም የተገለበጠ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አልገባም ካለ፣ እጃችሁን አንሱና መሰኪያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።