ያገለገለ ኮምፕሬሰርና ድሪል ስትገዙ መጀመሪያ አየሩን ፈትኑ

[ምስል፦ ጎንደር ዳር ያለ የድንጋይ ካባ፣ ጠዋት]

ኮምፕሬሰር፣ ማለትም አየር ጨምቆ ለድንጋይ መብሻው ድሪል የሚልከው ማሽን፣ ባዶውን ሲሠራ ሁሉም ጤነኛ ይመስላል። ሞተሩ ይጮኻል፣ የአየሩን ግፊት የሚለካው ጌጅ 7 ባር ላይ ይቆማል፣ አዲስ የተቀባው ቀለም ያበራል። እኛም ያን አይተን ነው የገዛነው። አዲስ አበባ ላይ ከፍለን፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስጭነን ጎንደር አመጣነው። ካባው ላይ ሁለት ድሪል ስናስርበት ጌጁ 4 ባር ላይ ወረደ። ድሪሉ ድንጋዩን ያከዋል እንጂ አይበሳውም። አምስት ሰው ለዓመታት ያጠራቀመው ብር ነበር። ሌላ ማህበር ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ይህን የምነግራችሁ።

የእኛ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። የፋሲል ግንብ የቆመበት ድንጋይ ነውና ጥንካሬውን ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። እሱን ለመብሳት ድሪሉ ጋ የሚደርሰው አየር 6 ባር ገደማ መሆን አለበት። ግፊቱ ትንሽ ሲወርድ ሥራው በብዙ ይዘገያል። ናፍጣው ግን መቃጠሉን አይተውም።

[ምስል፦ የኮምፕሬሰር ሰሌዳ በቅርበት]

ከ20 እስከ 25 ኪሎ የሚመዝን የእጅ ድሪል በደቂቃ ከ2.5 እስከ 4 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። የኮምፕሬሰሩ ሰሌዳ በደቂቃ 5 ሜትር ኩብ ካለ፣ ሁለት ትንንሽ ድሪል ይነዳል ትላላችሁ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየራችን ጅቡቲ ወደብ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያለውን 5 እንደ 4 ቁጠሩት። ቱርቦ (አየር እየገፋ ወደ ሞተር የሚያስገባ ዕቃ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ደግሞ ራሱም ጉልበት ያጣል።

ለማየት ስትሄዱ መካኒካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ደላላው የሚያመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን። እንደደረሳችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ አስቀድሞ አስነስተውታል ማለት ነው፤ በማግስቱ ጠዋት ተመለሱና ቀዝቃዛውን ሲነሳ እዩ። የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈቱ። ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ሞተሩ ደክሟል። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል።

አሁን ዋናው ፈተና። በምትሠሩበት ድሪል ብዛት ልክ እሰሩበትና ጠንካራ ድንጋይ ላይ አንድ ሰዓት ይብሳ። ሻጩ ያጉረመርም ይሆናል። ተዉት ያጉረምርም። ጌጁ እየወረደ ከሄደ አየር የሚጨምቀው ክፍል አልቆ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከኮምፕሬሰር ጥገና ሁሉ ውዱ ነው። የአየሩ መውጫ ላይ ነጭ ጨርቅ ያዙበት። ጨርቁ በዘይት ከራሰ ዘይቱን ከአየሩ የሚለየው ማጣሪያ ችግር አለበት፤ እሱን ዋጋ አስቀንሳችሁ ልትቀይሩት ትችላላችሁ።

[ምስል፦ የአየር ታንክ፣ ካሜራው ብየዳው ላይ]

አንድ ነገር ላይ ግን ድርድር የለም። የአየር ታንኩ በኋላ የተበየደ ከሆነ ጥላችሁ ውጡ። በግማሽ ዋጋም አትግዙት። ያ ታንክ ሲፈነዳ አጠገቡ የሚቆመው የእናንተ ልጅ ወይም ወንድም ነው።

ድሪሉን መፈተሽ ይቀላል። ድንጋዩን የሚበሳውን ዘንግ አስገቡና ወዘወዙት። ብዙ ከላላ ዘንጉን የሚይዘው ጉሮሮ ተበልቷል፤ ካልተቀየረ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይሰብራል። የዘንጉን ልክም ጠይቁ፤ የተለመደው ባለ 22 ሚሊሜትር ስድስት ጎን ነው። የውሃ መስመሩ መሥራቱንም እዩ። ብዙ ቦታ ተቆርጦ ይጣላል፣ ከዚያ አቧራው የሠራተኛ ሳንባ ውስጥ ይገባል።

መለዋወጫ ስትፈልጉ አንድ ነገር ያምታታችኋል። የኮምፕሬሰርና የድሪል አምራቹ የአትላስ ኮፕኮ የማዕድን ቁፋሮ ክፍል በ2018 እ.ኤ.አ. ኤፒሮክ በሚል ስም ተለይቶ ወጥቷል። ማሽኑ ላይ የድሮው ስም ቢኖርም የመቆፈሪያውን ዕቃ በአዲሱ ስም ፈልጉ።

ከዚያ ወረቀት። ሊብሬ ካለው ሊብሬውን፣ ከሌለው የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ከማሽኑ የሞተርና የቻሲ ቁጥር ጋር አስተያዩ። ቁጥሮቹን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። መኪና ላይ ሲጫን ደግሞ እዚያው ቆማችሁ፣ ፎቶውን አውጥታችሁ እንደገና አመሳክሩ፤ ቀሪውን ብር የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።