ከበረዶው ስር ያለው ሐይቅ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። በብርዱ ወራት፣ በእግር፣ ተራራ ላይ ወዳሉ ሐይቆች ስለመውጣት ላወራችሁ ነው።

በሞቃቱ ወቅት የምታውቁት ሐይቅ በረዶ ከጣለ በኋላ የለም። ሰማያዊው ውኃ የለም፤ ዳርቻውም አይለይም። ነጭ ሜዳ ብቻ ነው። "ለዚህ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣነው?" የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ ግን ቆም ብላችሁ አዳምጡ እላለሁ።

ከበረዶው ስር የረጋው የሐይቁ ግግር ድምፅ አለው። ብርዱ ሲጠነክር ይኮማተራል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይለጠጣል፣ በዚህ መሃል ይሰነጠቃል። ቀጭኑ ድምፅ በግግሩ ውስጥ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ቀድሞ ይደርሳል፤ ወፍራሙ ይከተላል። ፒውውው! መጀመሪያ ስሰማው ሰውነቴን ውርር ነው ያደረገኝ። ጮኸ ማለት ሊሰበር ነው ማለት አይደለም። ዝም ማለቱም ዋስትና አይሆንም።

ከስሩ ውኃው አለ። ውኃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ነው። እሱ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ከዚያ በላይ የቀዘቀዘው ላይ ቀርቶ ይረጋል። ዓሣውም ከታች ይከርማል። የውኃ ኮዳችሁን ቦርሳ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ ክተቱት። በረዶ የሚሠራው ከላይ ስለሆነ፣ ስታቃኑት ክዳኑ ጋ ያለው ውኃ ይፈስላችኋል።

ለአንድ እግረኛ ጥርት ያለ ግግር ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይፈለጋል። ነጣ ያለው ጥንካሬው ግማሽ ያህል ነው። ላዩ ላይ የተከመረው በረዶ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ ግግሩ እንዳይወፍር ያደርገዋል። ወንዝ የሚገባበትና የሚወጣበት በኩልማ ጭራሽ አይታመንም።

ታዲያ ዳር ዳሩን ልሂድ ስትሉ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙዎቹን እነዚህን ሐይቆች ጥንት ከተራራው ቀስ እያለ የሚንሸራተት ግዙፍ ግግር በረዶ ነው የቦረቦራቸው፤ ስለዚህ በሦስት በኩል ገደል ነው። አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ካዘነበለ ቁልቁለት ነው። ናዳው ሐይቁ ድረስ ወርዶ ግግሩን ሊሰብር ይችላል። እኔ ምሳዬን የምበላው ክፍት በሆነው በኩል፣ መሬት ላይ፣ ከቁልቁለቱ ርቄ ነው። መሃል ገብቶ ፎቶ መነሳት ለሚወድ ይህ ላይዋጥለት ይችላል፤ እኔ ግን አልደራደርም።

ናዳ የቀበረውን ሰው ለማግኘት ሲግናል የሚልከውና የሚቀበለው መሣሪያ፣ በረዶው ውስጥ እየተወጋ የሚፈለግበት ዘንግና አካፋው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ ለቡድን አንድ አይበቃም። ናዳ የቀበረው ሰው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይወርዳል። ከሩቅ የሚጠራ እርዳታ ለዚያ አይደርስም፤ የሚያወጣው አጠገቡ ያለው ጓደኛው ነው። እባካችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት አንዱን መሣሪያ በረዶ ውስጥ ቅበሩና በሌላው፣ ሰዓት እየያዛችሁ ፈልጉት። ሰላም ሁኑልኝ።